«63» ስለተባለው ቁጥር፦ ለሁለት ሚኒስቴሮችና ካርታውን ለሚያጋሩ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር፣
ለጤና ሚኒስቴር፣
እንዲሁም የአገሮችን «የአእምሮ ደረጃ» ያሳያል የተባለውን ካርታ በየማኅበራዊ መገናኛው ለምታጋሩ ወገኖቼ

ጉዳዩ፦ የረሃብንና የትምህርት ቤት ጉድለትን በዘር ማመካኘት እንዲቀር ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። በየዓመቱ የዘር ውርስን ምዕራፍ አስተምራለሁ፤ የሜንዴልን አተር፣ የደም ዓይነትን፣ ቀለም የመለየት ችግር ከእናት ወደ ወንድ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ምዕራፉ ሳያልቅ በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ጥያቄ ይመጣል። ምክንያቱ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር አንድ የዓለም ካርታ ነው። ካርታው ለአገሮች በሕዝባቸው አማካይ አይኪው፣ ማለትም በፈተና በሚለካ የማሰብ ችሎታ ነጥብ፣ ደረጃ ያወጣላቸዋል። ኢትዮጵያ ከግርጌ ከሚገኙት አንዷ ስትሆን ከስሟ አጠገብ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ቁጥር 63 ነው። «ቲቸር፣ ይህ በዘር የመጣ ነው?» ይሉኛል። በቁጣ ቢጠይቁኝ ደስ ባለኝ ነበር። የሚጠይቁኝ ግን የደም ዓይነታቸውን እንደሚጠይቁ ሁሉ ረጋ ብለው፣ መልሱን ለመመዝገብ እስክሪብቶ አንሥተው ነው።

በሌላ በኩል የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር «ይህ ትውልድ ጭንቅላት የለውም» የሚል ንግግር ከሻይ ቤት እስከ ስብሰባ አዳራሽ ይሰማል። ካርታውና ንግግሩ እየተደጋገፉ ይኖራሉ፤ አንዱ ለሌላው ምስክር ይቆማል። ለተማሪዎቼ የምሰጠውን መልስ ለእናንተም በጽሑፍ መላክ የፈለግሁት ከመልሱ ውስጥ ትልቁ ክፍል በእናንተ እጅ ስላለ ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ? ከሚለው ልጀምር። የአይኪው መለኪያ አማካዩ 100 እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከ70 በታች የሚያመጣ ሰው ደግሞ የአእምሮ እድገት ውስንነት እንዳለበት ወይም እንደሌለበት ይመረመራል። ስለዚህ 63ን የሚቀበል ሰው፣ ያስተውለውም አያስተውለው፣ ከኢትዮጵያውያን አብዛኞቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባቸው እያለ ነው። መርካቶ ውስጥ በሦስት ቋንቋ እየተከራከረ ያለ ወረቀት የሚያሰላው ነጋዴ ሁሉ፣ የዝናቡን መምጫ እየገመተ የትኛውን ዘር በየትኛው ማሳ እንደሚዘራ የሚወስነው ገበሬ ሁሉ በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለ ውጤት የሰጠ ሚዛን ሲያጋጥም ጤነኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሚዛኑን ነው።

ቁጥሩን ያወጡት ሪቻርድ ሊን የተባሉ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ምሁርና ታቱ ቫንሃነን የተባሉ ፊንላንዳዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ። መጽሐፉ ለ185 አገሮች ቁጥር ሰጥቷል። የተለካ መረጃ የነበራቸው ግን 81 ብቻ ነበሩ፤ ለቀሩት ቁጥራቸው የተገመተው ከሌሎች አገሮች፣ በተለይም ከጎረቤቶቻቸው ውጤት ነው። ኢትዮጵያ «ከተለኩት» ወገን ናት። ልኬቱ የተካሄደው ግን አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ ወይም ሐረር ውስጥ አልነበረም። የተካሄደው እስራኤል ውስጥ ነው። የተፈተኑትም እዚያ ከገቡ አንድ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ዕድሜያቸው 15 አካባቢ የነበረ 250 ቤተ እስራኤላውያን ታዳጊዎች ናቸው። የአንድ መቶ ሚሊዮን ሕዝብ «የአእምሮ ደረጃ» ያረፈው በእነዚህ ልጆች ጫንቃ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን ወደ እስራኤል የገቡት ልጆች ምን አሳልፈው እንደመጡ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም ይሆናል፤ ካርታውን የሚያጋራው ወጣት ግን ላያውቀው ይችላል። አብዛኞቹ የጎንደርና የትግራይ ገጠር ልጆች ነበሩ። ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በተወሰዱበት በኦፕሬሽን ሙሴ ዘመን፣ በ1977 ዓ.ም. አካባቢ፣ ሺዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጉዘው እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ መጠለያዎች ከርመዋል። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወደ 4 ሺህ ይገመታሉ። ከተረፉት ልጆች ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ወይም ታናናሾቻቸውን ቀብረው የመጡ ናቸው። ትምህርት ቤት ጨርሶ ያልገቡም ነበሩ። አገሩ አዲስ፣ ዕብራይስጡም አዲስ ነበር። ፈተናው ደግሞ የሬቨን ማትሪክስ የሚባለው ነው፤ ከተደረደሩ ቅርጾች መካከል አንዱ ይጎድላል፤ ተፈታኙ ከሥር ከቀረቡለት አማራጮች የሚገጥመውን ይመርጣል። ቃል ስለሌለበት «ከባህል ነፃ ነው» ሲባል ኖሯል። ነገር ግን ወረቀት ላይ የተሣሉ ቅርጾችን ከግራ ወደ ቀኝና ከላይ ወደ ታች ማንበብ፣ ከአማራጮች አንዱን መምረጥ፣ በሰዓት ውስጥ መሥራት፣ እነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤት የሚያስተምራቸው ልማዶች ናቸው። እኔ ራሴ ከሩቅ ገጠር የመጡ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሠንጠረዥ ማንበብ ሲቸግራቸው፣ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ደግሞ ከከተማዎቹ ልጆች ጋር እኩል ሲሠሩት አይቻለሁ።

አሁን ወደ አንዲት ትንሽ የሒሳብ ነገር ልመልሳችሁ። የልጆቹ ውጤት እ.ኤ.አ. ከ1979ኙ የእንግሊዝ መመዘኛ ጋር ሲነጻጸር የመጣው 65 ነበር። 63 የሆነው ሁለት ነጥብ ተቀንሶለት ነው። ለምን ተቀነሰ? በሁለቱ ልኬቶች መካከል 12 ዓመት ስላለፈ፣ በእነዚያ ዓመታት ደግሞ የእንግሊዝ ልጆች ውጤት ከፍ ብሏል ተብሎ ስለታሰበ ነው። እስኪ ይህን ረጋ ብላችሁ አስቡት። በ12 ዓመት ውስጥ የእንግሊዞች ዘር አልተለወጠም። የተለወጠው ምግባቸው፣ ትምህርታቸው፣ የቤተሰባቸው ብዛት፣ የሚያዩትና የሚሠሩት ነገር ነው። የአንድ ሕዝብ አማካይ ውጤት ዘሩ ሳይነካ ከፍ ሊል እንደሚችል የሚያምን ስሌት ሊንና ቫንሃነን ተጠቅመው ካበቁ በኋላ፣ የቀረውን ልዩነት ከዘር ጋር ለማያያዝ መጣደፋቸው ይገርማል። ይህ በየአሥር ዓመቱ የሚታይ ጭማሪ ዛሬ በጄምስ ፍሊን ስም ይጠራል፤ በብዙ አገሮች በየአሥር ዓመቱ ወደ ሦስት ነጥብ ገደማ እንደነበር ተመዝግቧል። በጎረቤታችን ኬንያም፣ በኤምቡ ገጠር እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1998 የተፈተኑ ልጆች ሲነጻጸሩ ጉልህ ጭማሪ ታይቷል።

እስራኤል ውስጥ በተፈተኑት ኢትዮጵያውያን ልጆች ላይ የተሠራው ሥራ በዚያ ጥናት አላበቃም፤ ካርታው ላይ ግን ይህኛው ክፍል የለም። ሩቨን ፎየርስታይን የተባሉ በሩማንያ የተወለዱ የእስራኤል የሥነ ልቦና ምሁር፣ ከናዚ እልቂት ከተረፉ ልጆች ጋር ሲሠሩ ያዳበሩት ዘዴ ነበራቸው፦ መጀመሪያ ትፈትናለህ፣ ቀጥሎ ችግሩ እንዴት እንደሚታሰብ ታስተምራለህ፣ ከዚያ እንደገና ትፈትናለህ። የሚለካው ልጁ አሁን የሚያውቀው ብቻ ሳይሆን ሲያስተምሩት ምን ያህል እንደሚለወጥ ነው። ዘዴው ከኢትዮጵያ በመጡ ታዳጊዎች ላይ ሲሠራበት በመጀመሪያው ፈተና የታየው ሰፊ ክፍተት ከአጭር ጊዜ ማስተማር በኋላ በእጅጉ ጠበበ። ከዚህ ጥናት አዘጋጆች አንዱ ሽሎሞ ካኒየል ናቸው፤ ሊን 63ን ያወጡበትን የ250ዎቹን ልጆች ጥናት ከጻፉት ሁለት ሰዎችም አንዱ እኚሁ ሰው ናቸው። ሁለቱም ጽሑፎች የወጡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። አንደኛው ተነቅሶ ካርታ ሆነ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ካርታውን የምታጋሩ ወገኖቼ፣ ለእናንተ የምለው እዚህ ላይ ይበቃል። ብታጋሩት ከልካይ የለባችሁም፤ ከሥሩ ግን «ከኢትዮጵያ ውጭ የተፈተኑ 250 ስደተኛ ልጆች» ብላችሁ ጻፉበት። የኡልስተር ዩኒቨርሲቲ ለሊን የሰጠውን የክብር ማዕረግ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳነሣ፣ የአውሮፓ የሰው ባሕርይና የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች ማኅበርም በ2020 እነዚህን የአገሮች ቁጥሮች ለምርምር መጠቀም ተገቢ አይደለም የሚል መግለጫ እንዳወጣ ጨምሩበት። «ነጮች በንቀት የፈጠሩት ነው» ብላችሁ የምታልፉትም ብትሆኑ አልረዳችሁንም። ልጁ ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ ቁጣ መልስ አይሆነውም።

ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ እንዳልሄድ። ዘር ምንም ድርሻ የለውም ብል ምዕራፌን ክጄ ነው። አባቶች «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ፤ ዞር ብለው ደግሞ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ይላሉ። ሳይንሱም ሁለቱን ይዞ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ1979 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ቡሻርድ የጀመሩት ጥናት ከሕፃንነታቸው ተለያይተው በተለያየ ቤት ያደጉ ተመሳሳይ መንትዮችን ፈልጎ አገናኘ። በ1990 የወጣው ውጤት በተጠኑት ሰዎች መካከል ከታየው የአይኪው ልዩነት 70 በመቶ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር የሚያያዝ መሆኑን ገለጸ። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ሊሸፈንም አይገባም። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በዚያው ጽሑፍ አንድ ማስጠንቀቂያ አስቀምጠዋል፦ ከመንትዮቹ መካከል በእውነተኛ ድህነት ወይም ፊደል በማያውቁ ወላጆች ቤት ያደጉት ጥቂት ስለሆኑ ቁጥሩ እጅግ ወደተጎዳ አካባቢ ተወስዶ መነገር የለበትም። ብዙ ሰው ሰባውን በመቶ ያነብና ማስጠንቀቂያውን ይዘልለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሪክ ተርክሃይመርና ባልደረቦቻቸው የሰባት ዓመት አሜሪካውያን መንትዮችን በቤተሰባቸው ኑሮ ለይተው ሲያዩ፣ በደህና ኑሮ ባደጉት ዘንድ የዘር ድርሻ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በድሃ ቤተሰቦች ዘንድ ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር። በምዕራብ አውሮፓ የተሠሩ ጥናቶች ይህን ልዩነት አላገኙም። እኔን ግን አይደንቀኝም፤ እዚያ ድሃውም ልጅ ወተት ይጠጣል፣ ክትባት ያገኛል፣ መጽሐፍ ያለው ትምህርት ቤት ይገባል። እነዚህ ነገሮች ለሁሉም እኩል በደረሱበት አገር የቀረውን ልዩነት ዘር ቢወስደው ምን ይገርማል? ከዚህ የሚከተለው አስተሳሰብ በመጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፦ የዘር ድርሻ ትልቅ ሆኖ መታየቱ አንዳንዴ የአካባቢው መልካምነት ምልክት ነው።

ለተማሪዎቼ በሠርገኛ ጤፍ ነው የማስረዳቸው። ነጩና ቀዩ ተቀላቅሎ ከአንድ ስልቻ ይዘገናል፤ ግማሹ በአደአ ጥቁር አፈር ላይ፣ ግማሹ በጎርፍ በታጠበ ተዳፋት ላይ ይዘራል። በአንዱ ማሳ ውስጥ ጎን ለጎን በበቀሉት መካከል ያለው የቁመት ልዩነት ከዘራቸው ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ስልቻው አንድ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ የአፈሩ ነው። መንትዮችን አይቶ ስለ አንድ ማሳ የተነገረን ነገር ወስዶ ኢትዮጵያንና እንግሊዝን ማወዳደሪያ ማድረግ ስለ ተዳፋቱ ምንም ሳይጠይቁ ስልቻውን መውቀስ ነው።

የዘረመል ጥናት ከዚያ ወዲህ ርቆ ሄዷል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የታተመ፣ የ3 ሚሊዮን ሰዎችን ዘረመል የመረመረ ጥናት እጅግ ብዙ ጥቃቅን የዘረመል ልዩነቶችን ደምሮ የአውሮፓ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች መካከል ያለውን የትምህርት ዓመታት ልዩነት ከ12 እስከ 16 በመቶ ያህል ለመግለጽ ችሏል። ይኸው ድምር ወደ አፍሪካ የዘር ሐረግ ሲወሰድ የመተንበይ ኃይሉ እጅግ ይወርዳል። ስለዚህ «በዘረመል ተረጋግጧል» እያለ ስለ አፍሪካውያን የሚናገር ሁሉ በእጁ ያልያዘውን እያሳየ ነው።

የአካባቢን ድርሻ ለማየት ደግሞ ከብዙዎቹ ሁለት ጥናቶች ብቻ ልጥቀስ። በፈረንሳይ በወላጆቻቸው ቤት ተበድለው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ለማደጎ የተሰጡ ልጆች ከመወሰዳቸው በፊት አማካይ ውጤታቸው 77 ነበር። በጉርምስናቸው ሲለኩ ዝቅተኛ ኑሮ ባለው ቤት ያደጉት 85 ገደማ፣ የተሻለ ኑሮ ባለው ቤት ያደጉት 98 ገደማ ሆነዋል። ኖርዌይ ደግሞ የግዴታ ትምህርትን ከሰባት ዓመት ወደ ዘጠኝ ስታሳድግ ለውጡ በየወረዳው በተለያየ ጊዜ ስለደረሰ ተመራማሪዎች ለማነጻጸር ተመቻቸው፤ የተጨመረው አንድ የትምህርት ዓመት በወጣትነት ዕድሜ በተለካው አይኪው ላይ 3.7 ነጥብ ያህል ጨምሯል። ልብ በሉ፣ ይህ ጭማሪ የታየው ሁሉም ልጅ ሰባት ዓመት በተማረባት አገር ነው።

የትምህርት ሚኒስቴር ሆይ፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ኩረጃን በማስቀረታችሁ አመስጋኝ ነኝ፤ መስተዋቱን ካላጸዱት ፊት አይታይም። ነገር ግን የትኛው ዘር ነው በሁለት ዓመት ውስጥ ከ3.2 ወደ 8.4 የሚሄደው? በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ዘረመል በትምህርት ቤት አጥር አይከለልም። በአንድ ወረዳ ያሉ ሁለት የአጎት ልጆች፣ አንዱ በከተማው ሌላው በገጠሩ ትምህርት ቤት ተቀምጠው አንዱ ሲያልፍ ሌላው ሲወድቅ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ የሚያውቁት ወላጆች ናቸው፦ የፊዚክስ መምህር መኖሩና አለመኖሩ፣ መጽሐፉ ለአንድ ተማሪ ወይስ ለአምስት መድረሱ፣ መንገዱ፣ ጦርነቱ።

እርግጥ ነው፣ ተፈታኞቻቸውን በሙሉ ያሳለፉ ጥቂት ትምህርት ቤቶችም አሉ። በውጤታቸው ደስ ይለኛል። ሆኖም ከእነዚህ ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸውን በመግቢያ ፈተና መርጠው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ጎበዝ ሆነው የመጡትን ልጆች ከጎበዝ መምህር፣ ከቤተ መጻሕፍት፣ ከመብራትና ከሦስት ጊዜ ምግብ ጋር አገናኝተናቸዋል። ዘርና አካባቢ እንዲህ እየተያያዙ ነው የሚሠሩት፤ ጥሩው ጅምር ጥሩውን አካባቢ ይስባል። የቀሩትን ልጆች ግን ከሁለቱም ስናርቃቸው ቆይተን ሲወድቁ «ጭንቅላት» የሚል ስም እናወጣላቸዋለን። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነው። የሚቀጥለው ዓመት ውጤት ሲገለጽ ከየትምህርት ቤቱ የማለፊያ መጠን ጎን ያ ትምህርት ቤት በአራቱ ዓመታት ውስጥ ስንት ብቁ የሒሳብና የሳይንስ መምህር እንደነበረው፣ መጽሐፉ ለስንት ልጅ እንደደረሰ፣ ስንት ሳምንት ተዘግቶ እንደከረመ አብሮ ይውጣ። መረጃው በየወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ አለ። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ልጆችን ለመለየት የምትጠቀሙባቸው መመዘኛዎችም በውጭ አገር ልጆች ውጤት ከተሠራ ሠንጠረዥ ይላቀቁ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎቹም ቋንቋዎች፣ በእኛው ልጆች ላይ ተሞክረው ይዘጋጁ። አልፍሬድ ቢኔ የመጀመሪያውን ፈተና እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ውስጥ የሠሩት ልዩ እርዳታ የሚያስፈልገውን ልጅ ለይቶ ለመርዳት ነበር። በኋላ አትላንቲክን ተሻግሮ ስደተኛ መከልከያና ሰው ማምከኛ ሆነ እንጂ ሲሠራ ለዚያ አልነበረም።

የጤና ሚኒስቴር ሆይ፣ ስለ አእምሮ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ስማችንን እናገኛለን ብላችሁ ያሰባችሁ አይመስለኝም። ብዙ ሰው ጉዳዩን የመምህራን ብቻ ያደርገዋል። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የታይሮይድ ንጥረ ነገር የሚያገኘው ከእናቱ ነው፤ እናቲቱ ደግሞ ያለ አዮዲን ልትሠራው አትችልም። እጥረቱ ሲከፋ አንገት ላይ እንቅርት ሆኖ ይታያል፤ ሳይከፋ ግን በማይታይ ቦታ፣ በሕፃኑ አንጎል ላይ ይጎዳል። የብዙ ጥናቶች ጥርቅም እንደሚያሳየው ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ዘንድ የአዮዲን እጥረት የሚወስደው ከ7 እስከ 10 የሚደርስ የአይኪው ነጥብ ነው። ይህ ከዘር አይደለም፣ ከስንፍናም አይደለም፤ ከጨው ነው።

እኛ ደግሞ ደጋ ላይ ያለን፣ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው የኖረ ሕዝብ ነን። «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ እንቅርትን በደንብ ያውቀዋል። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በፊት ከቀይ ባሕር ጠረፍ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። ጦርነቱ ያንን መንገድ ሲዘጋው ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ዞርን፤ ጨው አልተቸገርንም፣ አዮዲኑ ግን ቀረ። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ለውጡ አስደናቂ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 89 በመቶ ደረሱ። ይህን ያህል ልጅ በዚህ ያህል አጭር ጊዜ የጠቀመ ሥራ ብዙ አላውቅም፤ ግን ምስጋና ሲሰጠው አልሰማሁም።

ይሁን እንጂ በጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩና በቂ አዮዲን መኖሩ ይለያያሉ። ቤት ሲደርስ በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ ቢያንስ 15 ሚሊግራም መኖር አለበት። በእጅ ሲረጭ አንዱ ጆንያ ይበዛበታል፣ ሌላው ይደርቃል። በተከፈተ ጆንያ ፀሐይና እርጥበት ላይ ተቀምጦ በጣሳ ሲሸጥ ይተናል። ወጡ ሲጀመር ተጨምሮ ሲንተከተክ የሚውለው ጨውም ከያዘው ላይ የተወሰነውን ያጣል። ስለዚህ «ስንት ቤት አዮዲን ያለው ጨው አለ» ከሚለው ቁጥር ጋር «በስንቱ ቤት በቂ ነው» የሚለው በየክልሉ ተለክቶ ይነገረን። ለነፍሰ ጡር እናቶች በጤና ጣቢያ በሚሰጠው ምክር ውስጥም ጨውን በተዘጋ ዕቃ ስለማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል ስለመጨመር ሁለት ዐረፍተ ነገር ይግባ።

መቀንጨርንም በዚሁ ዓይን እዩልኝ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 37 በመቶ ወርዷል። መውረዱ ትልቅ ድል ነው። ግን ዛሬ 12ኛ ክፍል የሚቀመጠው ልጅ በእነዚያ ሁለት ልኬቶች መካከል የተወለደ ነው፤ ከሦስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ተርቦ ያደገ። አንጎል በፍጥነት በሚያድግባቸው በእነዚያ ዓመታት ያጣውን በ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ትምህርት ሙሉ በሙሉ አንመልስለትም። ሁለቱ ሚኒስቴሮች የልጁን ቁመትና የልጁን የክፍል ውጤት በተለያየ መዝገብ መያዛችሁ ለእኔ ለመምህሩ እንግዳ ነገር ነው፤ ልጁ አንድ ነውና።

በመጨረሻ ከጥያቄ ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። በጨው ላይ ሲንጠባጠብ አዮዲን ካለበት ቀለሙን ወደ ሰማያዊ የሚለውጥ ርካሽ የመመርመሪያ ጠብታ አለ። መጠኑን በትክክል አይናገርም፤ ፈጽሞ የሌለበትን ግን ያጋልጣል። ይህን ጠብታ በጋራ ለየትምህርት ቤቱ ብትልኩልን ተማሪዎች ከየቤታቸው አንድ አንድ ማንኪያ ጨው በወረቀት ጠቅልለው ያመጣሉ። እኛ የሥነ ሕይወት መምህራን በቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ እንመረምራለን፤ ቤተ ሙከራ የሌለንም በመማሪያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ እንሠራዋለን። ጨው የተገዛበትን ገበያና የአሻሻጡን ሁኔታ ጭምር መዝግበን ቀለሙ ያልተለወጠውን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት እናስረክባለን፤ መጠኑን የሚለካው የእናንተ ላቦራቶሪ ከዚያ ይረከበናል። የዘር ውርስ ምዕራፍ የሚሰጥበት ወቅት ስለሚታወቅ ጠብታው ከዚያ በፊት ቢደርሰን ሥራው በዚያው ሳምንት ይጀመራል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሥነ ሕይወት መምህር